ባለ 80 ፊደል መታወቂያ

በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ትምህርት ክፍል ሠራተኞች በ2025 አንድ የዕቃ ክፍል ሲያጸዱ ከአሮጌው ዕቃ መሀል አንድ የማግኔት ቴፕ ጥቅል አገኙ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንዲህ ያለ ጥቅል በየአሮጌው መሥሪያ ቤት መጋዘን አይጠፋም፤ አብዛኛው ምን እንደያዘ ሳይታወቅ ይጣላል። ይሄኛው ግን በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎበት ነበር። ወረቀቱ ውስጡ ዩኒክስ መሆኑን፣ ቤል ላብስ ከተባለው የምርምር ተቋም የመጣ ዋናው ቅጂ፣ ያውም አራተኛው እትም መሆኑን ይናገራል። ስለ አጻጻፉ ሥርዓት ማወቅ የፈለገ ደግሞ መመሪያ መጽሐፉን እንዲያይ ያዛል። የእጅ ጽሑፉን የሚያውቁ ሰዎች የጄይ ሌፕሮ ነው አሉ። ሌፕሮ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዓመት የሠሩ ተመራማሪ ነበሩ፤ በ2008 አርፈዋል።

ዩኒክስ ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ሁሉ የሚሠራበት ሥርዓት የዘር ግንድ ነው። አራተኛው እትም የ1973 ሲሆን፣ የሥርዓቱ እምብርት ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ተጽፎ የወጣበት የመጀመሪያው እትም እሱ ነው። መመሪያ መጽሐፉ በሰው እጅ ቢኖርም ሙሉ ፕሮግራሙ እንደጠፋ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ ጥቅሉን በመኪና ይዘው ካሊፎርኒያ፣ ማውንቴን ቪው ወደሚገኘው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ወሰዱት። እዚያ የሙዚየሙ ባለሙያ አል ኮሶው ተቀበሉት። ከማንበቢያው ራስ የሚወጣውን የኤሌክትሪክ ሞገድ እንዳለ ቀድቶ ወደ 100 ጊጋባይት በሚጠጋ የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ ውስጥ የሚያከማች መሣሪያ አላቸው። የተከማቸውን ሞገድ ወደ ዜሮና አንድ የሚመልሰው ደግሞ ሌን ሹስቴክ የጻፉት ፕሮግራም ነው። ዲሴምበር ላይ ቴፑ ተነበበ።

የዚህን ታሪክ ግማሹን ክብር እኔ የምሰጠው ለዚያች ወረቀት ነው። ሙጫዋ ደርቆ ወድቃ ቢሆን ኖሮ ያንን ጥቅል ከሌላው የሚለየው ነገር አልነበረም፤ ማንም መኪና አስነስቶ ካሊፎርኒያ ድረስ አይሄድም ነበር። ቴፕ በዓይን የማይነበብ ዕቃ ነው። መጽሐፍ ሽፋኑ ቢቀደድም ገጹን ገልጦ ማየት ይቻላል፤ ፎቶግራፍ ስም ባይኖረው መልኩ ይናገራል። መለያው የጠፋ ቴፕ ግን ስም ያልተጻፈበት የመድኃኒት ብልቃጥ ነው፤ ውስጡ ፈውስ ይኑር መርዝ ሳይታወቅ የሚደፍረው የለም፣ ውሎ አድሮም ይጣላል።

ቴፕ ራሱን ሲያስተዋውቅ

አሠራሩን ለመረዳት ወደ 1960ዎቹ የኮምፒውተር ክፍል መመለስ ያስፈልጋል። አይቢኤም የመጀመሪያውን የቴፕ መሣሪያውን፣ 726 የተባለውን፣ ያስተዋወቀው በ1952 ነው። ከዚያ በኋላ ስፋቱ ግማሽ ኢንች የሆነ፣ ፕላስቲክ ላይ የብረት ኦክሳይድ የተቀባበት ቴፕ የባንኩም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም፣ የኢንሹራንሱም ማኅደር ሆነ። በትልልቆቹ ተቋማት በሺህ የሚቆጠሩ ጥቅሎች መደርደሪያ ላይ ይሰለፋሉ፤ ሁሉም ክብ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ኮምፒውተሩ አንድ ጥቅል ሲፈልግ ለኦፐሬተሩ መልእክት ያወጣል፤ ይህን ቁጥር የያዘውን ቴፕ በዚያ መሣሪያ ላይ ጫን ይላል። ኦፐሬተሩ ከመደርደሪያው ያወርዳል፣ ይጭናል፣ ይመለሳል። ሌሊት ሙሉ እንዲህ ነው።

የሰው እጅ ደግሞ ይሳሳታል። 4 የነበረው 9 ተብሎ ይነበባል፣ ሁለት ጥቅሎች ቦታ ይለዋወጣሉ። የዛሬ ሂሳብ ሊጻፍበት የታሰበው ቴፕ የትናንቱን ደሞዝ መዝገብ የያዘው ሆኖ ቢገኝ፣ አዲሱ ጽሑፍ አሮጌውን እያጠፋ ይሄዳል። ማሽኑ ውጭ የተለጠፈውን ወረቀት አያይም። ስለዚህ ስሙ በወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በራሱ በማግኔቱ ላይ፣ ከዳታው ሁሉ ቀድሞ እንዲጻፍ ተደረገ። ቴፑ በተጫነ ቁጥር ሥርዓቱ መጀመሪያ ማንነቱን ያነባል፤ ከተጠየቀው ጋር ካልተስማማ ቴፑን አውርዶ ሌላ ይጠይቃል።

ይህ የውስጥ መለያ እያንዳንዱ ክፍሉ 80 ፊደል ነው። ቁጥሩ የመጣው ዳታ በቀዳዳ ይመዘገብበት ከነበረው ባለ 80 ዓምድ የወረቀት ካርድ ነው፤ በቴፑ ራስ ላይ የካርዱ ምስል ተቀምጧል ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ክፍል ቮል1 (በላቲን VOL1) በሚሉ 4 ፊደላት ይጀምራል። ቀጥሎ የቴፑ ቁጥር በ6 ፊደል፣ ወረድ ብሎ የባለቤቱ ስም በ10 ፊደል ይገባል። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ኤችዲአር1 የፋይሉ መታወቂያ ነው፦ ስሙን፣ በተከታታይ ጥቅሎች ውስጥ ስንተኛው ክፍል እንደሆነ፣ የተፈጠረበትን ቀን፣ እንዳይነካ የተጠበቀበትን የመጨረሻ ቀን ይይዛል። ኤችዲአር2 ደግሞ መዝገቦቹ በምን መጠን እንደተቆራረጡ ይናገራል። ከዚያ ቴፕ ማርክ የሚባል ምልክት፣ ከምልክቱ በኋላ ዳታው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ክፍል መጨረሻ ላይ ያለው ነው። ፋይሉ ሲያልቅ ኢኦኤፍ1 የሚባል መለያ ይጻፋል፤ ይዘቱ ከፊተኛው ጋር አንድ ሊባል ይቀርባል። የሚለየው አንድ ቦታ ላይ ነው። በፊተኛው መለያ ላይ የብሎክ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚጻፍ የዳታ ቁራጭ፣ ብዛት የሚገባበት ቦታ ዜሮ ነው፤ ገና ምንም ስላልተጻፈ ምን ያህል እንደሚሆን አይታወቅም። በኋለኛው ላይ ትክክለኛው ብዛት ይሰፍራል። አንባቢው ማሽን እያነበበ ይቆጥራል፣ መጨረሻ ላይ የራሱን ቁጥር ከተጻፈው ጋር ያመሳክራል። ካልገጠመ አንድ ነገር በመንገድ ቀርቷል። ጥቅሉ ሞልቶ ፋይሉ ያላለቀ እንደሆነ በኢኦኤፍ1 ፋንታ ኢኦቪ1 ይጻፋል፤ ትርጉሙ ታሪኩ በሌላ ጥቅል ይቀጥላል ነው። መጋዘን ውስጥ ብቻውን የተገኘ ጥቅል መጨረሻው ላይ ይህ ምልክት ካለበት፣ ወንድሙን መፈለግ ግድ ነው።

ይህ ሥርዓት ጉድለት አልነበረውም አልልም። የፋይል ስም በአይቢኤም ትልልቅ ኮምፒውተሮች እስከ 44 ፊደል ሊረዝም ይችላል፤ በመለያው ላይ ያለው ቦታ ግን 17 ብቻ ስለሆነ የሚጻፈው የስሙ ጅራት ነው። በዚህ የተነሳ መጀመሪያቸው የተለያየ፣ መጨረሻቸው አንድ የሆነ ሁለት ስሞች በቴፑ ዓይን አንድ ናቸው። የደኅንነት ባለሙያዎች ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ብዙ ደክመዋል፤ መለያውን ዘሎ የማንበብ ፈቃድም ለጥቂት ሰው ብቻ እንዲሰጥ አድርገዋል። ቀኑም የራሱ ጣጣ ነበረው። ዓመቱ በሁለት አኃዝ፣ ቀኑ ከ1 እስከ 366 ባለ ቁጥር ይጻፍ ስለነበር፣ ፈጽሞ እንዳይጠፋ የሚፈልጉትን ቴፕ ሰዎች 99365 ብለው ምልክት ያደርጉበት ነበር፤ የ1999 የመጨረሻዋ ቀን ማለት ነው። በ1960ዎቹ ላለ ሰው ያ ቀን ዘላለም ይመስላል። ቀኑ ሲደርስ ግን ያ ቁጥር እንደ ተራ ቀን እንዳይቆጠር፣ «አይጠፋም» የሚለውን ትርጉሙን ይዞ እንዲቀጥል በሥርዓቱ ደንብ መጽናት ነበረበት። ክፍለ ዘመኑን ለመለየት ከዓመቱ ፊት ያለችው አንዲት ቦታ አገልግላለች፦ ባዶ ከሆነች 1900ዎቹ፣ ዜሮ ከሆነች 2000ዎቹ።

ከመጻፍ በፊት

ዛሬ አንድ ሰው ምንነቱ ያልታወቀ ቴፕ ቢያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ማንበብ አይደለም። መጀመሪያ እንዳይጻፍበት ይቆልፈዋል። በድሮው ጥቅል ጀርባ የፕላስቲክ ቀለበት አለ፤ ቀለበቱ ከወጣ ማሽኑ አይጽፍም። በዛሬው፣ ኤልቲኦ በሚባለው የቴፕ ካርትሪጅ ላይ ደግሞ በጣት የምትገፋ ትንሽ መቆለፊያ አለች። ይህች እንቅስቃሴ አንድ ሰከንድ አትፈጅም፤ ተረስታ ስንት ዓመት የተለፋበትን ሥራ ልታጠፋ ግን ትችላለች።

የሚያጠፋው እንዴት እንደሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንድ ሰው ቴፑ ባዶ መስሎት አዲስ መለያ ቢጽፍበት የነካው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ዳታ በማግኔቱ ላይ እንዳለ ነው። ሆኖም ማሽኑ ከአዲሱ መለያ ኋላ «ጽሑፉ እዚህ አበቃ» የሚል ምልክት ያኖራል፤ የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ከዚያ ምልክት አልፈው ለማንበብ እንቢ ይላሉ። ሙሉው ቴፕ እያለ የለም። በልዩ ላቦራቶሪ የሚደረግ ውድ ጥረት ካልሆነ በቀር መመለሻ የለውም።

ለዚህ ነው በጄኔቭ አቅራቢያ የሚገኘው የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ማዕከል፣ ሰርን፣ የሚጠቀምበት የቴፕ ሶፍትዌር መለያ ጻፍ ሲባል ዝም ብሎ የማይጽፈው። አስቀድሞ ቴፑን ያነባል። ባዶ ካልሆነ፣ ያለበትን አሮጌ መለያ ካልነገሩት ወይም ኃላፊነቱን ወስደው በግድ ካላዘዙት አይጽፍም። ሲጽፍ ደግሞ የሚጽፈው ቮል1 ነው፤ ከእያንዳንዱ ፋይል በፊትም ኤችዲአር1። በዓለም ትልቁ የቅንጣት ማጋጫ የሚያወጣው ውጤት፣ የሂግስ ቦዞን የተገኘበት ዳታ ጭምር፣ የሚቀመጠው የካርድ ዘመን ሰዎች በነደፉት ባለ 80 ፊደል መታወቂያ ሥር ነው። ደግ ሥራ ይህን ያህል ይዘልቃል።

ቴፑ ከተቆለፈ በኋላ የመጀመሪያዋን ብሎክ እንዳለች ቀድቶ ማየት ነው። በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ይህን የሚያደርግ ዲዲ የሚባል ትንሽ ትእዛዝ አለ። እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያሰናክል አንድ ነገር አለ፦ ያው አንድ የቴፕ መሣሪያ በሁለት ስም ይጠራል፤ በአንደኛው ስም ከጠሩት ሥራው ሲያልቅ ቴፑን ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል፣ በሌላኛው ከጠሩት ባለበት ያቆመዋል። መለያውን አንብቦ ወደ ሁለተኛው ፋይል ለመቀጠል የፈለገ ሰው የማይመልሰውን መምረጥ አለበት።

ከዚያ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ነገር ራሱ ይመሰክራል። የመጀመሪያዎቹ 4 ባይቶች በሄክሳዴሲማል አጻጻፍ 56፣ 4ኤፍ፣ 4ሲ፣ 31 ከሆኑ ቮል1 አስኪ በተባለው የፊደል ኮድ ተጽፏል። ኢ5፣ ዲ6፣ ዲ3፣ ኤፍ1 ከሆኑ ደግሞ ያው ቮል1 ነው፣ በአይቢኤም የፊደል ኮድ በኤብሲዲክ፤ ሳይቀየር ስክሪን ላይ ቢወጣ ትርጉም የለሽ ዝብርቅርቅ ስለሚመስል ብዙ ሰው ቴፑ ተበላሽቷል ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። አማንዳ የተባለው የመጠባበቂያ ሶፍትዌር የራሱን ስም፣ ቀኑንና የቴፑን ስም በሚነበብ ጽሑፍ መጀመሪያው ላይ ያኖራል፤ ያ ስም የሚጠብቀው ካልሆነም አይጽፍበትም። ምንም መለያ የሌለው ቴፕም አለ፤ ያኔ የሚቀረው የዳታውን ቅርጽ አይቶ በየትኛው ፕሮግራም እንደተጻፈ መገመት ነው።

ሮቦቶች የቴፑን ሥራ ከኦፐሬተሩ ከተረከቡ ወዲህ የውጭው መለያ ባርኮድ ሆኗል። በኤልቲኦ ካርትሪጅ ላይ 6 ፊደል የቴፑን ቁጥር፣ 2 ፊደል ዓይነቱን ይናገራሉ፤ ኤል8 የሚለው የስምንተኛው ትውልድ ነው። ሲኤልኤን ብሎ የሚጀምረው ዳታ የማይጻፍበት፣ የማንበቢያውን ራስ የሚጠርግ የጽዳት ካርትሪጅ ነው። በካርትሪጁ ጥግ ደግሞ ሳይነካ በሬዲዮ ሞገድ የሚነበብ ቺፕ ተቀብሯል፤ የአምራቹን መለያ ቁጥርና ቴፑ የተጫነባቸውን መሣሪያዎች ታሪክ ይይዛል። ስለዚህ አንድ ቴፕ ሦስት ቦታ ስም አለው፦ በባርኮዱ፣ በቺፑ፣ በማግኔቱ። ሦስቱ ሲጣሉ የማምነው የማግኔቱን ነው። ባርኮድ ተልጦ በሌላ ላይ ሊለጠፍ ይችላል፤ ከዳታው ጋር በአንድ እጅ የተጻፈው ውስጠኛው ነው።

የውጭው መለያ ምን ያህል ይናገር የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በ2005 ባንክ ኦፍ አሜሪካ የ1.2 ሚሊዮን የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችን መረጃ የያዙ ቴፖች በመጓጓዝ ላይ ሳሉ መጥፋታቸውን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ታይም ዋርነር የ600,000 የቀድሞና የወቅቱ ሠራተኞቹን መረጃ የያዙ 40 ቴፖች ጠፉበት። ከመደርደሪያ ወጥቶ በመኪና የሚጓዝ ቴፕ ላይ «ደሞዝ» ብሎ መጻፍ ለሌባ መንገር ነው። ለተጓዥ ቴፕ ቁጥር ብቻ ይበቃዋል፤ ትርጉሙ በመዝገብ ላይ ይኑር፣ መዝገቡም ከቴፑ ተለይቶ በሌላ ቦታ ይቀመጥ። መዝገቡ የጠፋ እንደሆነ ግን እነዚያ 6 ፊደላት ለባለቤቱም ምንም አይናገሩም።

የጨረቃ ሙቀት

መለያና መዝገብ ምን ያህል እንደሚያድኑ ያስተማሩኝ የአፖሎ ጉዞ ሁለት ታሪኮች ናቸው። የመጀመሪያው አሳዛኝ ነው። አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ባረፈበት ቀን ከጨረቃ የመጣው ምስል በቴሌቪዥን ከታየው ይልቅ የጠራ ነበር፤ ለስርጭት ሲቀየር ጥራቱ ወረደ። የጠራው በምድር ጣቢያዎች ባለ አንድ ኢንች ቴፕ ላይ፣ የቀጥታ ስርጭቱ ቢቋረጥ መጠባበቂያ እንዲሆን ተቀድቷል። ስርጭቱ ተሳካ፤ መጠባበቂያውም ልዩ ተብሎ አልተለየም። ከዓመታት በኋላ ፍለጋ ተጀመረ። ናሳ በ2009 ባወጣው ዘገባ የደረሰበት መደምደሚያ ቴፖቹ ተጠርገው ለሌላ ሥራ ሳይውሉ አልቀሩም የሚል ነው። በዚያ ዘመን ቴፕ ውድ ነበር፣ እጥረትም ነበር፤ የጠረገው ሰው ምን እየጠረገ እንደሆነ የሚነግረው ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ታሪክ ብዙም አይታወቅም። የአፖሎ 15 እና 17 ጠፈርተኞች በ1971 እና በ1972 ጨረቃ አፈር ውስጥ የሙቀት መለኪያ ዘንጎች ቀብረው ተመለሱ። መሣሪያዎቹ ሴፕቴምበር 1977 እስኪዘጉ ድረስ ልኬታቸውን ወደ ምድር ይልኩ ነበር። ሥራውን የመሩት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ማርከስ ላንግሴት ባዩት ነገር ተገረሙ፦ አፈሩ ዓመት ከዓመት ቀስ እያለ ይሞቃል። ምክንያቱ ሳይፈታ በ1997 አረፉ። በማኅደር የተቀመጠው ዳታ ከ1974 መጨረሻ አያልፍም ነበር፤ የቀሩት ዓመታት የት እንደገቡ አይታወቅም።

የቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲው ሴይቺ ናጊሃራና ባልደረቦቻቸው ፍለጋ ገቡ። ሜሪላንድ፣ ሱትላንድ በሚገኘው የመንግሥት መዛግብት ማዕከል 440 ቴፖች ተገኙ፤ የያዙት ከኤፕሪል እስከ ጁን 1975 ያለውን ነው። ለቀሩት ወራት ደግሞ ሂዩስተን በሚገኘው የጨረቃና የፕላኔቶች ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በየሳምንቱ የተጻፉ የሥራ ሪፖርቶች ነበሩ፤ የመሣሪያዎቹ ሙቀት በወረቀት ላይ ሰፍሯል። ከቴፑና ከወረቀቱ ተገጣጥሞ መልሱ በ2018 ታተመ። ጠፈርተኞቹ ሲራመዱ ከላይ ያለውን ፈካ ያለ አፈር አውከው ከሥሩ ጠቆር ያለውን አወጡት፤ ጠቆር ያለው አፈር የፀሐይን ሙቀት የበለጠ ስለሚቀበል ሙቀቱ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ዘለቀ። ጨረቃን ያሞቃት የሰው እግር ነበር። ይህን ለማወቅ 40 ዓመት ያስፈለገው ሳይንሱ ስለከበደ አይደለም፤ ዳታው የት እንዳለ ስላልታወቀ ነው።

መጠባበቂያ ቴፕ ሥራውን የሚሠራው ብዙ ጊዜ ማንም ሳያየው ነው። በፌብሩዋሪ 2011 መጨረሻ በጎግል ሶፍትዌር ላይ በተፈጠረ ስሕተት ከጂሜይል ተጠቃሚዎች 0.02 በመቶ የሚሆኑት ደብዳቤያቸው ሁሉ ጠፋ። ስሕተቱ በተለያዩ ዳታ ሴንተሮች የነበሩትን ቅጂዎችም ነክቶ ነበር። የተረፈው ከመረቡ ውጭ በቴፕ ላይ የነበረው ነው፤ ደብዳቤዎቹም ከዚያ ተመለሱ። የማን ደብዳቤ በየትኛው ቴፕ ላይ እንዳለ ባይታወቅ ኖሮ ይህ የማይታሰብ ነበር።

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ያሉ ቴፖችን በተመለከተ ከዚህ ሁሉ የተለየ አንድ አደጋ ይታየኛል፤ የቀን አጻጻፍ ነው። አንድ የአይቲ ባለሙያ ካርትሪጅ ላይ በእስክሪብቶ 12/3/08 ብሎ ቢጽፍ ዓመቱ የኢትዮጵያ ነው ወይስ የአውሮፓ? በመሀሉ ያለው ልዩነት ከሰባት ዓመት በላይ ነው። በዚያ ላይ 12 ቀኑ ነው ወይስ ወሩ? በጻፈበት ዕለት ለራሱ ግልጽ ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በቦታው ለሚተካው ወጣት ግን እንቆቅልሽ ነው፣ የጻፈውም ሥራ ቀይሮ ወይም አገር ለቆ ይሆናል። ማሽኑ በማግኔቱ ላይ የሚጽፈው ቀን ብዙውን ጊዜ የአውሮፓ ስለሆነ የውጩና የውስጡ መለያ የተጣላ ይመስላል። ወሩን በፊደል፣ ዓመቱን በአራት አኃዝ፣ ከጎኑም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብሎ መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል። የመሥሪያ ቤት ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍም እንዲሁ ነው፤ አንድ መምሪያ በሦስት ዓይነት ፊደል ከተጻፈ በመዝገቡ ውስጥ ሦስት መምሪያ ይሆናል።

ሌላው መጻፍ ያለበት ነገር የመሣሪያው ትውልድና ቴፑን የጻፈው ሶፍትዌር ስም ነው፤ የዩታው ወረቀት መመሪያውን ተመልከት ያለው ለዚህ ነበር። ኤልቲኦ በ2000 ሲጀምር አንድ ካርትሪጅ 100 ጊጋባይት ይይዝ ነበር፤ በ2021 የወጣው ዘጠነኛው ትውልድ 18 ቴራባይት ይይዛል። ማንበቢያዎቹ ግን ወደ ኋላ ሩቅ አያዩም። እስከ ሰባተኛው ትውልድ ድረስ ያሉት መሣሪያዎች ሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ያነባሉ፤ ስምንተኛውና ዘጠነኛው አንድ ብቻ፤ በ2025 የመጣው አሥረኛው ዘጠነኛውን እንኳ አያነብም። ስለዚህ ዛሬ በካዝና ውስጥ ኤል3 የሚል ባርኮድ ያለበት ቴፕ የያዘ መሥሪያ ቤት የሚያነብለት የሦስተኛው፣ የአራተኛው ወይም የአምስተኛው ትውልድ መሣሪያ ብቻ ነው። እነዚህ አዲስ ሆነው መሸጣቸው ከቆመ ቆይቷል፤ የሚሠራ ያገለገለ መሣሪያ ገና በሚገኝበት በዚህ ጊዜ ቴፑን ቆልፎ መጫን፣ መለያውን ማንበብ፣ የተነበበውን በመዝገብ ማስፈር፣ ዳታውንም ወደ አዲስ ቴፕ ማዛወር ይቻላል።